ጭስ የበላ ቀርከሃ

እህቴ መጣች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሶዶ በመጣው አውቶቡስ፣ በአንድ እጇ ግማሽ የተበላ ሙዝ በሌላው የአክስታችንን ቀሚስ ጨብጣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ ወረደች። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ስጠብቃት የኖርኩት ልጅ ስማኝ እንኳን ሳትጨርስ የጠየቀችኝ «አልጋው የታለ?» ብላ ነው። ይህን የምጽፈው እሷ አልጋው ላይ በሆዷ ተኝታ እግሯን እያወዛወዘች፣ በየደቂቃው «አሁንስ ምን ጻፍሽ?» እያለችኝ ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ቦታ ነገር ቢዘባረቅብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው ዓመት የአማርኛ አስተማሪያችን አንዲት ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ብዕር መያዝ አልፈራም። የትምህርት ቤታችን መጽሔት አዘጋጆች ደግሞ «ገጠመኝ ጻፊልን፣ ግን አሳጥሪው» ብለውኛል። መጻፉን እጽፋለሁ። ማሳጠሩን ግን ቃል አልገባም፤ ነገሩ አራት ቀን ፈጅቷል፣ አብዛኛውንም ያሳለፍኩት ብቻዬን ነው።

ስሜ ምሕረት ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። አባቴ ከምንጮቹ አጠገብ ያለው ደን ጠባቂ ነው፤ ሰኞ ገብቶ እሑድ ይወጣል። ከመንግሥት ለውጡ ወዲህ ደኑ ውስጥ ከዝንጀሮ ይልቅ መጥረቢያ የያዘ ሰው በዝቷል ይላል። ስለዚህ ቤቱን የያዝነው እኔና ታናሽ እህቴ ቤቲ ነበርን። የምንተኛውም በእናቴ የባሕር ዛፍ አልጋ ላይ ነበር። አርባ ምንጭ የኖረ ሰው ምስጥን ያውቀዋል፤ ከውጭ ምንም ሳያሳይ ከውስጥ ጨርሶ ይበላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቲ አልጋው ላይ ስትዘል እግሩ እንደ ብስኩት ፍርክስ አለ። እሷም ወደቀችና ክንዷ ተሰበረ።

የእናታችን ታላቅ እህት አክስቴ አስካለ ወሬውን ሰምታ ከሶዶ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። የቤቲን ልብሶች በፌስታል ከተተችና አባቴን «ልጅ ስባሪ ላይ አይተኛም። ደህና አልጋ ያለው ቤት ሲኖራችሁ ትመጣለች» አለችው። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንቁላል ስጠብስ ሁለት እሰብርና ሁለተኛዋ የማን እንደሆነች እያሰብኩ እቆማለሁ። ግድግዳው ላይ የምትኖር አንዲት እንሽላሊት ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዋልኩትን ለእሷ እነግራት ጀመር። ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፌ ስተኛ ጠርዙ ላይ ነበር የምተኛው፤ የቤቲን ቦታ ሳልነካ። ብዙ ጊዜ ጠዋት ስነቃ ግማሽ ጎኔ ሲሚንቶ ላይ ነው። ግን ወደ መሃል አልሄድም። ቦታውን ከያዝኩት የማትመጣ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ የአክስቴ ደብዳቤ መጣ። በመጨረሻው የነሐሴ እሑድ እመጣለሁ፣ ቤቱን አያለሁ፤ አልጋ ካለ ልጅቷ አርባ ምንጭ ትመዘገባለች፣ ከሌለ ግን ሶዶ አስመዘግባታለሁ ይላል። ሶዶ ከተመዘገበች ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ አትነቃነቅም ማለት ነው። አባቴ ያጠራቀማትን አውጥቶ ሰጠኝ። «የምትተኙበት እናንተ ናችሁ፤ አንቺ ምረጪ። ብቻ ምስጥ የማይበላው ይሁን» ብሎኝ ወደ ደኑ ተመለሰ።

እሑዱ ሲቃረብ፣ ሐሙስ ዕለት ሲቀላ ገበያ አጠገብ ወዳለ አናጢ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ተጫዋች ነው፤ ገና ስገባ «ለሙሽርነት ነው ወይስ ለትምህርት?» ብሎ ሳቀብኝ። ያለቀ የዋንዛ አልጋ አሳየኝ። ከባድ ነው፣ አይነቃነቅም፣ ምስጥም አይደፍረውም፣ ራስጌው ላይ አበባ ተቀርጾበታል። ዋጋውም አባቴ ከሰጠኝ አያልፍም። ቁጭ አልኩበት። ቤቲ ግድግዳውን ተደግፋ እኔ ከዳር ሆኜ ስንተኛ ታየኝ።

ከዚያ እግሩ ጠንካራ መሆኑን ላይ ብዬ አጎነበስኩ። ከታች በኩል ያልተላገ አንድ ጣውላ ነበር። ጣውላው ላይ የሰማያዊ ቀለም ርዝራዥ አየሁ፤ የአራት ቁጥር ጭራ፣ ከጎኑም ወገቧ ላይ መስመር የተሰመረባት ሰባት።

ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። የቤታችንን በር ቀብተን የተረፈ ነው። አባቴ ለትልልቆቹ ዛፎች ምልክት ማድረጊያ ሲያጣ ያንን ጣሳ ይዞ ገባ፤ ልጣቸውን በገጀራ ትንሽ ገፈፍ እያደረገ እንጨቱ ላይ ቁጥር ጻፈባቸው። ጣሳውን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። ሰባትን ሲጽፍ ወገቧን በመስመር ያስታጥቃታል፤ ከእሱ በቀር እንደዚያ ሲጽፍ ያየሁት ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ እንጨት ከየት ነው?» አልኩት።

«እንጨት ከየት ይሆናል? ከዛፍ ነዋ።»

ቀለሙን በጣቴ አሳየሁት። ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። እሱ ከጫኝ ላይ እንደገዛው፣ ጫኙም ከየት እንዳመጣው እንዳልጠየቀ ነገረኝ። ቀለሙ ካስጠላኝ በመላጊያ ሁለት ጊዜ ቢያሳልፍበት ድራሹ እንደሚጠፋም ጨመረልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ ዛፉ እንደሆነ ወድቋል። አንቺ ትተሽው ብትሄጂ ተመልሶ አይበቅልም። ሌላ ሰው ይተኛበታል፣ ይኸው ነው» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። «እሺ፣ ላገው» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ሰውየው ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ዛፉ ወድቋል፣ እህቴ ደግሞ ሶዶ ናት። የከለከለኝ ጨዋነት አይደለም። አባቴ ነው ትዝ ያለኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ሲጠብቅ የሚሰነብተውን ነገር በሰባተኛው ቀን ቤቱ ገብቶ ሊያገኘው ነው። ድካሙን ሊያሳርፍ ጫፉ ላይ ቁጭ ሲል፣ እጁን ጣውላው ላይ ሲያሳርፍ ታየኝ። ተነሣሁ።

«እንግዲህ ሣር ላይ ተኝታችሁ ደኑን ጠብቁት» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት።

ቤት ገብቼ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። ለእንሽላሊቷም አልነገርኳት። የቀረኝ ሦስት ቀን ነው። አባቴ ደን ውስጥ ነው፤ ቢኖርስ ምን እለዋለሁ? ስለ እናቴ ሳስብ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። እናቴ የጨንቻ ልጅ ነች። «የእኛ አገር ቤት ትልቅ ቅርጫት ነው» ትለን ነበር። ከቀርከሃ ይታታል፤ ቦታው ሲሰለች ጎረቤት ተጠርቶ በትከሻ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ስትነግረን ተረት ይመስለን ነበር። ቀርከሃ ደግሞ ቢቆርጡት ከሥሩ ራሱ ይበቅላል፤ ለእሱ ቁጥር የሚጽፍበት ጠባቂ አያስፈልገውም።

አርብ ጠዋት ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርቄ ጨንቻ ወጥቼ የቀርከሃ አልጋ አሠርቼ እንደምመለስ ነገርኳት። «ለሰው ነው ለዶሮ?» አለችኝ። እኔ ግን የጭነት መኪና ተሳፈርኩ።

ከሲቀላ ተነሥታችሁ ሽቅብ ስትወጡ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። ጨንቻ ስደርስ ጉም ነበር። በአጭር እጅጌ ቀሚስ ነው የሄድኩት፤ የቆላ ልጅ ብርድ አያስብም። ገበያው መሃል ቆሜ ሰው ሁሉ በጋቢው ተጠቅልሎ በአጠገቤ ሲያልፍ በጋሞኛ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ከሦስት ቃል አንዱን እይዛለሁ። እናቴ የተወለደችበት አገር ነው፣ አንድም ሰው ግን አላውቅም። የእሷም ወላጆች በልጅነቷ ነው የሞቱት። በሕይወቴ እንደዚያ ብቸኝነት የተሰማኝ ጊዜ የለም፤ ባዶው ቤቴ እንኳን ያውቀኛል።

ጠያይቄ ጋሽ ኦይቻ የሚባሉ ቀርከሃ ሠሪ ዘንድ ደረስኩ። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። የምፈልገውን ስነግራቸው ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ አይሆንም አሉኝ። በዝናብ ወር የተቆረጠ ቀርከሃ ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ብል ይወደዋል። የደረሰውን መርጠው የሚቆርጡት በበጋ ነው፤ ያም ቢሆን ወራት መድረቅ አለበት።

«ዛሬ ብሠራልሽ ዛሬ ትተኝበታለሽ» አሉኝ። «ለገና ዱቄት ሆኖ ታፍሺዋለሽ። ስሜን ይዘሽ አገር እንድትዞሪ አልፈልግም።»

የእህቴን ክንድ ነገርኳቸው። እሑድን ነገርኳቸው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጡና፣ ብል የማይደፍረው አንድ ዓይነት ቀርከሃ እንዳለ ነገሩኝ። ጭስ የበላ። ዘመኑን ሙሉ ከምድጃ በላይ የኖረ፣ ጭሱ እስከ ውስጡ የዘለቀ። እሱ ደግሞ አይሸጥም፤ የሰው ቤት ውስጥ ነው ያለው። «አንዲት ሴት አውቃለሁ። እሺ አይሉሽም። ግን ላሳይሽ» ብለው ተነሡ።

የእኚያ ሴት፣ የእማማ ዳምነሽ፣ ቤት ከእንሰቱ መሃል አጎንብሶ ቆሟል። አጎንብሶ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በዚያ አገር የቤቱን ግርጌ ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥሉና ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ቤት እንደ ሰው ሲያረጅ ያጥራል። እማማ ዳምነሽ ሙሽራ ሆነው ሲገቡ እንስራ በራሳቸው ተሸክመው ሳይጎነበሱ ያልፉበት የነበረው በር፣ አሁን እኔን እንኳን በጉልበቴ ሊያስኬደኝ ምንም አልቀረው።

«ና፣ ግባ፣ በረደህ» አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም «ና» ነው የሚሉት። ጋሽ ኦይቻ ጉዳዬን በጋሞኛ አስረዱልኝ። ቤቱ በተታታ የቀርከሃ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። በወዲህ በኩል ምድጃው፣ በወዲያ የላሟ ቦታ። ከላሟ ቦታ በላይ ደግሞ ወፋፍራም ቀርከሃዎች የተደረደሩበት ቆጥ አለ። ሁሉም በጥላሸት ጠቁሯል። ላም ግን የለም። ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል።

እማማ ዳምነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሽመናቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወርደዋል። አንዱ ተመልሶ ላም ቢገዛ የት ትታሠራለች? ቦታዋ አይፈርስም። ጋሽ ኦይቻ «ነግሬሻለሁ» በሚል ዓይን አዩኝና ወጡ።

መኪና ስላመለጠኝ እማማ ዳምነሽ እዚያው እንዳድር ፈቀዱልኝ። ምሽቱን ቆጮ በዳጣ፣ በተፈጨ ቃሪያ፣ አቀረቡልኝ፤ ዳጣው እንባዬን አፈሰሰው፣ እሳቸውም ሳቁብኝ። አልለመንኳቸውም። እምቢ ያለ ትልቅ ሰው አይለመንም። እሳት ስንሞቅ ግን ስለ ቤቴ ጠየቁኝ። እኔም ስለ ፍራሹ ነገርኳቸው፤ ዓመት ሙሉ ጠርዝ ላይ እንደምተኛ፣ የቤቲን ቦታ እንደማልነካ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። በአማርኛ ጀመርኩ፤ ያልገባቸው ሲመስለኝ ያቺኑ ከእናቴ የያዝኳትን የተሰባበረች ጋሞኛ ጨመርኩበት።

እማማ ዳምነሽ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ የላሟን ቦታ አዩ።

«አንተም ባዶ ትጠብቃለህ» አሉኝ። ጋቢያቸውን ከፍለው አለበሱኝ።

ቅዳሜ ማለዳ የነቃሁት በቋቋታ ነው። እማማ ዳምነሽ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ በመጥረቢያ ጀርባ የላሟን ግድግዳ ማሰሪያ እየመቱ ያላቅቃሉ። ዘልዬ ተነሣሁና «እማማ፣ ይቅር፣ ይተዉት» አልኳቸው። ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው የመለሱልኝ።

«ላም አልመጣም። ያንተ እህት ግን ይመጣል።»

ጋሽ ኦይቻን ጠርቼ እየሮጥኩ ስመለስ ግማሹ ወርዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሠራን። እኔ ቀርከሃውን በእርጥብ ሣርና በአመድ እሸው ነበር፤ ጥላሸቱ ሲለቅ ከሥሩ ጥቁር የማር ቀለም ወጣ። ጋሽ ኦይቻ በጥፍራቸው መቱትና ድምፁን አዳመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። የቆጡን ወፋፍራሞች ለእግርና ለጎን አደረጓቸው። የተታታውን ግድግዳ ለመኝታው ዘረጉት። ምስማር የሚባል አልነካውም፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ብቻ ተጠፍሮ አለቀ። ላሟ ዓመታት ሙሉ ስትታከከው የለሰለሰው ጎን ወደ ላይ ሆነ።

ለጋሽ ኦይቻ የእጃቸውን ከፈልኩ። እማማ ዳምነሽ ግን ገንዘቡን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ቤቱ ከዚህ ቦታ መነሣት አለበት አሉኝ፤ ግርጌው እንደገና ተበልቷል፣ አሁንም ከተቆረጠ በር የሚባል አይኖረውም። ወደ ላይኛው ደረቅ መሬት ተሸክሞ ማዛወር ነው የሚያዋጣው። ችግሩ ተሸካሚው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ልጆቻቸው ለሽመና ወርዷል፤ የቀረው ሽማግሌና ሕፃን ነው። ሦስተኛ ዓመታቸው ነው ሲጠብቁ።

«እኔ ትከሻ ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ከመስቀል በኋላ ትከሻ ይዘህ ና።»

እሑድ ጠዋት አልጋው ከጭነት መኪናው አናት ላይ ታስሮ ወረደ፤ ቀላል ስለሆነ እኔና ረዳቱ ብቻ ተሸክመን አስገባነው። እትዬ ብርቄ በሯ ላይ ቆማ አየችውና ስለ ዶሮ አላነሣችም። አራት ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ፣ እማማ እንዳሉኝ ዙሪያውን አመድ አድርጌ እግሮቹን አሳረፍኩባቸው። ፍራሹን ስዘረጋ አክስቴ አስካለ በሩ ላይ ቆማለች።

አክስቴ ወፍራም ሴት ናት፤ ፍርዷም እንደ ክብደቷ ነው። ዙሪያውን ዞረችው።

«ይሄ ቅርጫት ነው አልጋ?»

«አልጋ ነው አክስቴ።»

«ምስጡስ?»

ድንጋዩንና አመዱን አሳየኋት። ዘወር ብላ ሙሉ ክብደቷን ጣል አድርጋ ተቀመጠችበት። አልጋው አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። እንደገና ተነሥታ እንደገና ጣል አለች። ምንም። ከዚያ ጎንበስ ብላ መታጠፊያውን ልታይ ስትል ቆም አለች። ፍራሹን ገለጥ አድርጋ አፍንጫዋን ወደ ቀርከሃው አስጠጋች፣ አሸተተችው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ነገርኳት። ከዋንዛው ጀምሬ። ስጨርስ አክስቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ጫማዋንም ሳታወልቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች። ፈራሁ። ሳትዞር፣ «የእናታችን ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው» አለች። «እናትሽ በወዲህ፣ እኔ በወዲያ።» ልጅቷ ትመጣለች አትመጣም ሳትለኝ እንቅልፍ ወሰዳት። የቤቲ ቦታ ላይ ነው የተኛችው፤ እኔም አልቀሰቀስኳትም።

አባቴ ሲመጣ በአልጋው ላይ አክስቴን ተኝታ አገኛት። ወደ ውጭ ወሰድኩትና ስለ ሰማያዊው ሰባት ነገርኩት። «አርባ ሰባተኛዋ ናት። ወንዙ ዳር ያለችው» አለኝ። የበራችንን ቀለም በመዳፉ ዳሰስ አደረገና ግንባሬን ሳመኝ። ሰኞ ወደ ደኑ ሲመለስ አዲስ ጣሳ ቀለም ይዞ ሄደ።

አክስቴ ስትነቃ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከእንቁጣጣሽ ማግስት አመጣታለሁ። ትራስ ግን ግዢ።»

እንግዲህ ይኸው መጥታለች። ዛሬ ጠዋት ስነቃ ሙሉ አልጋውን ይዛው እኔ እንደገና ጠርዝ ላይ ነበርኩ። ጠርዝ ላይ መሆን ለካ ሁለት ዓይነት ነው።

ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ድሮ ዕቃ ስመርጥ ማብረቅረቁን ነበር የማየው። አሁን አጎንብሼ ከሥሩ አያለሁ፤ ከየት መጣህ፣ ማን ነው ቦታህን ባዶ ያደረገው ብዬ። ሁልጊዜ መልስ አላገኝም። የእኔ አልጋ እንኳን የአንዲት እናት ቤት ውስጥ ባዶ ቦታ ትቶ ነው የመጣው። ያንን ቦታ በአልጋ አልሞላውም።

ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ጠንካራ ትከሻ ያላችሁ፣ እማማ ዳምነሽ ጠርተዋችኋል፤ እኔ መልእክተኛ ነኝ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጠዋት የጨንቻ መኪኖች ከሚነሡበት ቦታ እንገናኝ። አባቴ ይመጣል፣ ጋሽ ኦይቻ እዚያ ይጠብቁናል፣ ቤቲም እዘፍናለሁ ብላለች። ቤቱ ቅርጫት ስለሆነ ከባድ አይደለም፤ ብቻ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ጋቢ መያዝ አትርሱ፣ ይበርዳል። በሩ ላይ ስትደርሱ ወንድም ሁኑ ሴት «ና፣ ግባ» ትባላላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ግቡ።